«ቡና» የሚለው ቃል አመጣጥና ሰዋስው፤ በተለመዱት የቃል አፈታቶች ላይ የቀረበ ሂስ

ከጅማ ተነሥቶ በአጋሮ በኩል ወደ ጎማ ገጠር የዘለቀ መንገደኛ ጮጬ ከምትባለው ቀበሌ ሲደርስ፣ ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው ሲባል ይሰማል። ያው መንገደኛ ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ መልሶ ቦንጋ አጠገብ ካለው ከማንኪራ ጫካ ቢገባ፣ የቡና እናት ያለችው እዚህ ነው ይሉታል። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ክርክር መዳኘት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ይሁን እንጂ ክርክሩ በተነሣ ቍጥር ቃላት ለምስክርነት ስለሚጠሩ፣ የምስክሮቹን ቃል መመርመር የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሥራ ይሆናል። አንዱ «ኮፊ የሚለው የፈረንጆች ቃል ከከፋ የመጣ ነው» ይላል። ሌላው «ቡና የኦሮምኛ ቃል ነው፤ ስለዚህ ነገሩም የእኛ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ቡና ከዐረብኛው ቡን የተወሰደ ነው» ብሎ ሁለቱንም ሊያሰናብት ይሞክራል። ሦስቱም አስተያየቶች በትምህርት ቤት መጻሕፍትና በንግድ ማስታወቂያዎች ላይ እየተደጋገሙ ከመጻፋቸው የተነሣ እንደ ተመሰከረለት እውነት ተቈጥረዋል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ ከሦስቱ አስተያየቶች የመጀመሪያው በድምፅ ሕግ ፊት የማይቆም መሆኑን፣ የቀሩት ሁለቱም የቃሉን ሰዋስው ሳይመረምሩ ከመደምደሚያ ላይ የደረሱ መሆናቸውን ነው። የአንድ ስም አመጣጥ የሚታወቀው ድምፁ ከሌላ ስም ድምፅ ጋር በመመሳሰሉ ብቻ አይደለም። ስሙ በየቋንቋው የያዘው መድረሻ፣ ጾታውና አገባቡ ከድምፁ ያላነሰ ምስክርነት ይሰጣሉ።

፩. «ኮፊ» እና «ከፋ»

የመጀመሪያው አስተያየት ለብዙዎቻችን ደስ የሚያሰኝ በመሆኑ፣ እንዳንታለልበት አስቀድመን እንመርምረው። በመሠረቱ የቦታ ስም የቡና መጠሪያ መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። የየመን ወደብ የሆነችው ሞካ ስሟን ለአንድ የቡና ዓይነት ሰጥታለች። በንግዱ ዓለም «ጅማ»፣ «ሊሙ»፣ «ሐረር»፣ «ይርጋጨፌ» ሲባል ነጋዴው የሚያስበው ከተማውን ሳይሆን ጆንያውን ነው። ስለዚህ «ከፋ» የሚለው የአገር ስም ወደ ቡና ስምነት ተለወጠ ማለት ከመነሻው የማይሆን ነገር አይደለም። የማይሆነው ያለ ማስረጃ ሲነገር ነው።

ማስረጃው በድምፆች መንገድ ላይ ሊገኝ ይገባ ነበር። የእንግሊዝኛው «ኮፊ» ከሆላንድኛ ወይም ከኢጣልያንኛ አቻው ጋር ከቱርክኛው «ካህቬ» የወረደ መሆኑ የታወቀ ነው። ቱርክኛው ደግሞ «ቀህዋ» የሚለውን የዐረብኛ ቃል የወሰደ ነው። ዐረብኛው የሚነገረው በ«ቀ»፣ በ«ህ» እና በ«ው» ሲሆን፣ ቱርክኛ «ው» የተባለውን ድምፅ ወደ «ቭ» ለውጦታል፤ አውሮፓውያን ደግሞ «ቭ»ን ወደ «ፍ» አጠንክረውታል። እንግዲህ በ«ኮፊ» ውስጥ ያለው «ፍ» የተወለደው ከኢስታንቡል ወደ ምዕራብ በተወሰደው መንገድ ላይ እንጂ በቦንጋ አይደለም። ዐረብኛ የራሱ የሆነ «ፍ» ያለው ቋንቋ በመሆኑ፣ «ከፋ» የሚለውን ስም ቢዋስ ኖሮ «ፍ»ን ጥሎ በ«ህ»ና በ«ው» የሚተካበት አንዳች ምክንያት አልነበረውም። በተጨማሪም «ቀህዋ» የሚለው ቃል ቡና ከመታወቁ በፊት በዐረብኛ ለወይን ጠጅ ይነገር ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፋዎች ራሳቸው ነገሩን በአገራቸው ስም አይጠሩትም፤ «ቡኖ» ይሉታል።

ትልቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይህን የከፋ ግምት ጠቅሶ ማስረጃ የሌለው መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። ለዚህ ጥንቃቄው ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ያው መዝገበ ቃላት ለቡና ያገሬውን ስም ሲፈልግ ያገኘው «በሸዋ ቡን ይባላል» የሚለውን ብቻ ነው። የቡናው ጫካ ባለበት በጊቤ ማዶ ያሉትን ቋንቋዎች ሳይጠይቅ፣ ቡናው በነጋዴ ጭነት የሚደርስበትን አገር መጠየቁ የምስክር አመራረጥ ጉድለት ነው።

ለግምቱ መስፋፋት የአስተዳደር አከፋፈልም አስተዋጽኦ ሳያደርግ አልቀረም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመንም የከፋ ክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማ ጅማ ስለ ነበረች፣ ከአጋሮም ሆነ ከሊሙ የሚወጣው ቡና ሁሉ «የከፋ ቡና» ሊባል ችሏል። ዛሬ ጅማ በኦሮሚያ፣ ከፋም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የየራሳቸው ዞን ሆነው ሳለ፣ አሮጌው አጠራር በጆሮ ውስጥ ቀርቷል። የቃል አፈታት ግን የወረዳን ወሰን ተከትሎ ሊሄድ አይችልም።

፪. የኮከቡ ትርጉም

ወደ «ቡና» ከመሻገራችን በፊት ስለ ዘዴው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የቋንቋ ሊቃውንት በጽሑፍ ያልተገኘን ጥንታዊ ቃል በዘር ቃላቱ አማካይነት መልሰው ሲገነቡ፣ ከፊቱ ኮከብ ያኖራሉ። ይህን ልማድ ያስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጀርመናዊው አውግስት ሽላይኸር ነው። ኮከቡ «ይህ ቃል ተጽፎ አልተገኘም፤ በንጽጽር የተደረሰበት ነው» ማለት ነው። ስለዚህ ኮከብ የትሕትና ምልክት ነው፤ የኩራት አይደለም።

የስላቮች ቋንቋዎች ታሪክ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። ሩሲያዊውም፣ ፖላንዳዊውም፣ ቡልጋሪያዊውም ዳቦን የሚጠሩበት ቃል አንድ ምንጭ ያለው ሲሆን፣ ሊቃውንት ለጥንታዊው የስላቮች ቋንቋ *ኽሌቡ የሚል ተባዕታይ ስም ገንብተዋል። ቃሉ በሁሉም እኅትማማች ቋንቋዎች ስለሚገኝ የዘር ሀብት ይመስላል። ነገር ግን ከጎቲክኛው «ህላይፍስ» እና ዛሬ በእንግሊዝኛ «ሎፍ» ከሆነው ቃል ጋር ሲነጻጸር፣ ስላቮች ገና ሳይለያዩ ከጀርማናውያን ጎረቤቶቻቸው የተዋሱት መሆኑን አብዛኞቹ ሊቃውንት ተቀብለዋል። ከገባ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም የስላቭ ስም ጾታ ይዞ፣ የባለቤትና የዘርፍ መድረሻ እየወሰደ ተረብቷል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በብዙ ቋንቋዎች መገኘት ብቻውን የዘር ሀብትነትን አያረጋግጥም። እንዲሁም አንድ ቃል የተቀባዩን ቋንቋ ሰዋስው አሟልቶ መልበሱ የዚያ ቋንቋ ተወላጅ አያደርገውም።

፫. የቃሉ ልብሶች

አሁን «ቡና» በየቋንቋው የለበሰውን ልብስ እንመልከት። በትግርኛ «ቡን» ይባላል። በአፋርኛም «ቡን» ነው። በሐረሪና በሶማልኛ ፍሬው «ቡን» ሲሆን፣ መጠጡ ከዐረብኛው «ቀህዋ» በመጣ ስም ይጠራል። በዐረብኛ ፍሬው «ቡን» ሆኖ መጨረሻው ይጠብቃል። በከፊኛ «ቡኖ» ነው። በጅማና በአካባቢዋ ኦሮምኛ «ቡነ» ሲሆን «ነ» ይላላል፤ የመጨረሻው አናባቢም አጭር ነው። በአማርኛ ግን «ቡና» ሲባል «ና» ይጠብቃል።

የአማርኛው ጥብቀት በጽሑፍ አይታይም። ፊደላችን «ገና» ብሎ ሲጽፍ፣ ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን ድረስ» ማለት መሆኑን፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ የልደት በዓል መሆኑን ለይቶ አያሳይም። አንባቢው ከዐውዱ ይረዳዋል። ለቋንቋ ንጽጽር ግን ይህ ዝምታ አደገኛ ነው። የላላውን የኦሮምኛ ስምና የጠበቀውን የአማርኛ ስም በፊደል ብቻ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ በመካከላቸው ያለውን ዋና ልዩነት ሳያይ ያልፋል።

እነዚህን ሁሉ ቅርጾች ስናራቁት የሚቀረው *ቡን- የሚል ግንድ ነው። ከፊኛ -ኦ፣ ኦሮምኛ -አ፣ አማርኛም -ኣ ጨምረውበታል። የቀሩት ምንም አልጨመሩም። እንግዲህ ኮከብ የሚገባው ለዚህ ግንድ ነው። ይሁንና ይህ ኮከብ የየትኛው ጥንታዊ ቋንቋ ኮከብ ነው?

የጥንታዊው የኦሞአዊ ቋንቋ ነው እንዳንል፣ ከከፊኛ ጋር በአንድ ቤተ ሰብ የሚቈጠሩት ወላይታዎችና ጋሞዎች ቡናን «ቱኬ» በሚል ፈጽሞ ሌላ ቃል ይጠሩታል። የጥንታዊው የኢትዮ-ሴማዊ ቋንቋ ነው እንዳንል፣ ቸሃዎችና ሌሎች የጉራጌ ወገኖች «ቃዋ» ይላሉ። ከዚህም በላይ በሰሜኑ የክርስቲያን አገር ቡና መጠጣት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በቤተ ክህነት ይነቀፍ ስለ ነበር፣ ቃሉ በዚያ ጥንታዊ ሥር የሰደደ ነበር ለማለት ያስቸግራል። የኦሮምኛውና የከፊኛው ግንድ አንድ መሆኑም ከአንድ ጥንታዊ ወላጅ መውረሳቸውን አያሳይም። ሁለቱ ቋንቋዎች ከተለያዩ ሺህ ዘመናት ያለፉ በመሆናቸው፣ የዘር ቃል ቢሆን ኖሮ በሁለቱ ዘንድ ሳይለወጥ እንዲህ አንድ ሆኖ መገኘቱ ያስደንቅ ነበር። ስለሆነም *ቡን- የአንድ ቤተ ሰብ ውርስ ሳይሆን፣ ከነገሩ ጋር ከአገር ወደ አገር የተጓዘ የንግድ ቃል ነው። ቃሉን ለአንድ ሕዝብ ብቻ ለመስጠት የሚሽቀዳደሙት ሁሉ መጀመሪያ ይህን ሊቀበሉ ይገባል።

፬. የሰዋስው ምስክርነት

ቃሉ ተጓዥ ከሆነ፣ ከየት ወደ የት ተጓዘ? ከዐረብኛ መጣ የሚሉት ወገኖች ትልቁ መከራከሪያቸው ጥብቀት ነው። ዐረብኛው ይጠብቃል፤ አማርኛውም ይጠብቃል፤ ስለዚህ አማርኛው ከዐረብኛ ነው ይላሉ። ይህ ክርክር በጅማ ገበያ ለአንድ ቀን ቢውል ይፈታ ነበር።

ኦሮምኛ ስምን እንደ አገባቡ ይለዋውጣል። ሰው «ነመ» ነው፤ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆን ግን «ነምኒ» ይሆናል። ቡናም እንዲሁ ነው። «ቡና ጠጣ» ለማለት «ቡነ ዹጊ» ይባላል፤ እዚህ ላይ ቃሉ ተሳቢ ስለሆነ «ነ» ይላላል። ቡናው ራሱ ባለቤት ሲሆን ግን የግንዱ «ን» እና የባለቤትነት መድረሻ የሆነው -ኒ ተገናኝተው «ቡንኒ» ይሆናል፤ ሲነበብም «ኒ» ይጠብቃል። ዘርፍ ሲሆን ደግሞ የመጨረሻው አናባቢ ይረዝማል፤ የቡና ዛፍ «ሙከ ቡና» ነው። ቡና ፈላ፣ ቡና ረከሰ፣ ቡና ተወደደ በተባለ ቍጥር ቃሉ ባለቤት ነውና፣ ከኦሮሞ ነጋዴ ጋር የሚገበያይ አማርኛ ተናጋሪ ጠባቂውን ቅርጽ ዘወትር ይሰማል። እንግዲህ የአማርኛው ጥብቀት የግድ ከየመን መሻገር አላስፈለገውም፤ ከሊሙና ከጎማ ገበያም ሊገኝ ይችላል። የመጨረሻው -ኣም ከዐረብኛ ይልቅ ወደ ኦሮምኛው ያደላል። አማርኛ ስሞችን በግዕዙ ድምፅ መጨረስ እምብዛም ስለማያዘወትር፣ «ቡነ» የሚለውን ወደ «ቡና» ማዞሩ ከባሕርዩ ጋር የሚስማማ ነው። ቃሉን በቀጥታ በቀይ ባሕር በኩል ለመቀበል የቀረበው ትግርኛ ያለ መድረሻ «ቡን» ሲል፣ ከጊቤ ጋር በንግድ የተሳሰረው አማርኛ «ቡና» ማለቱ ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ያመለክታል።

በጥብቀት ምስክርነት ብቻ ኦሮምኛውን ለማሰናበት የማይቻለውን ያህል፣ በሰዋስው ምሉዕነት ብቻ ለኦሮምኛ ወይም ለከፊኛ መፍረድም አይቻልም። ከፊኛ ተባዕታይ ስሞችን በ-ኦ፣ አንስታይ ስሞችን በ-ኤ ይጨርሳል፤ ወንድም «ማኖ» እኅት ደግሞ «ማኔ» ነው። «ቡኖ» የሚለው ስም ይህን ደንብ ማክበሩ ቃሉ በከፊኛ ተባዕታይ ሆኖ እንደ ኖረ ያሳያል፤ ከከፊኛ መመንጨቱን ግን ብቻውን አያሳይም። የተዋሰውም ቃል ይህንኑ -ኦ ሊለብስ ይችላልና። የስላቮች ዳቦ ያስተማረን ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ፊደል ስለሚያስከትለው ስሕተት አንድ ተጨማሪ ምሳሌ እንስጥ። በአማርኛ «ቡኒ» ሲባል የቀለም ስም ነው። ይህ ከዐረብኛው «ቡኒ» የመጣ ሲሆን፣ መድረሻው ዐረብኛ ቅጽል የሚያበጅበት -ኢ ነው። የኦሮምኛው «ቡንኒ» በፊደላችን ያለ ድርብ «ን» ቢጻፍ ያው «ቡኒ» ይሆናል፤ ትርጉሙ ግን ቀለም ሳይሆን ቡና የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲሆን የሚይዘው ቅርጽ ነው። አማርኛ ለዚሁ ቀለም በራሱ መድረሻ «ቡናማ» የሚል ቅጽልም አበጅቷል። እንግዲህ «ቡኒ» በባሕር፣ «ቡናማ» በአገር ቤት የተገኙ ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ከቡና የወጣ» ብሎ የሚያልፍ መዝገበ ቃላት ሁለት ታሪክ ደብቋል።

፭. የዐረብኛው ጥያቄ

ዐረብኛ ለቡና ባህል የሰጠው ብዙ መሆኑ አይካድም። የመጀመሪያው ስኒ «አቦል» መባሉ አንደኛ ማለት ከሆነው የዐረብኛ ቃል፣ «በረካ»ም ከበረከት ስም የመጣ ነው። «ስኒ» ቻይናን ከሚያነሣው የዐረብኛ የሸክላ ስም፣ «ፍንጃል»ም ከዚያው ከዐረብኛ የተገኙ ናቸው። እነዚህ ቃላት በዐረብኛ ውስጥ ሥርና ዘመድ ስላላቸው፣ የጉዟቸው አቅጣጫ አያጠራጥርም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ሁሉም የሥርዓቱና የዕቃው ስሞች ናቸው። ሙስሊም ነጋዴዎችና ሼኾች ቡናን በሥርዓት የማቅረብን ልማድ ሲያስፋፉ ያመጧቸው ናቸው።

«ቡን» የሚለው የፍሬው ስም ግን እንደ እነርሱ አይደለም። ከዐረብኛው የ«ብ-ን-ን» ሥር የሚወጡት ቃላት በአንድ ቦታ ስለ መቆየት፣ ስለ ጣት ጫፍ፣ ስለ ሽታ ይናገራሉ እንጂ ስለ ፍሬ ወይም ስለ ዛፍ አይናገሩም። ቃሉ በዐረብኛ ዘመድ የሌለው እንግዳ ነው። ዐረብኛ ስምን በሦስት ተነባቢዎች ማቆም ስለሚወድ፣ ሁለት ተነባቢ ብቻ ያለው *ቡን- ሲገባለት የመጨረሻውን ማጥበቁ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ከዐረብኛ ለመምጣቱ ማስረጃ ተደርጎ የቀረበው ጥብቀት፣ ወደ ዐረብኛ ለመግባቱ ማስረጃ ሊሆንም ይችላል።

አንዳንዶች የአር-ራዚንና የኢብን ሲናን ስም ጠርተው፣ ሁለቱ ሐኪሞች በ10ኛውና በ11ኛው ክፍለ ዘመን ስለ «ቡንክ» መጻፋቸውን ያስታውሳሉ። ነገር ግን ኢብን ሲና የገለጸው ቡንክ ከየመን የሚመጣ፣ ቆዳን የሚያጠራ፣ ለሰውነት መልካም ሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በመጨረሻው ላይ ያለው «ክ»ም ከቡን ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የሚያስረዳ የለም። በእንዲህ ያለ ምስክር መፍረድ አይገባም። ስለ መጠጡ በርግጥ የጻፉት ዐረቦች የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ የታወቀው ስለ ቡና መፈቀድ የተከራከረው ዐብዱልቃድር አልጀዚሪ ነው።

የዘመኑ አቆጣጠር ደግሞ ኦሮምኛ ብቻውን ምንጭ ነው የሚለውን ያናጋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቡን የሚለው ቃል በዐረቦች ጽሑፍ ውስጥ ሲሠራበት፣ ኦሮሞዎች በጊቤ ሸለቆ ገና አልጸኑም ነበር። በዚያ የነበረው የእናርያ መንግሥት ሲሆን፣ ሕዝቡም የከፊኛ ዘመድ በሆነ የጎንጋ ቋንቋ ይናገር እንደ ነበር የታሪክ ሊቃውንት ይስማማሉ። ሊሙ-እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የኦሮሞ መንግሥታት ሆነው ሲቋቋሙ ጫካውም ፍሬውም ቀድመው ነበሩ። ኦሮሞዎች ቡናን በቅቤ ለውሰው ለመንገድ ስንቅ ይይዙት እንደ ነበር ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ባጊቦ ዘመን የሊሙዋ ሰቃ ታላቅ ገበያ በሆነች ጊዜ፣ ቃሉን ወደ ጎጃምና ወደ ሸዋ ገበያዎች ያሻገሩት የኦሮምኛ ተናጋሪ ነጋዴዎች መሆናቸውን መጠርጠር አያስፈልግም። ስለዚህ ለኦሮምኛ የሚገባው ክብር የአሳላፊነትና የአስፋፊነት ክብር ነው፤ ይህም ትንሽ ክብር አይደለም። ዛሬ አማርኛ «ቡና» እያለ የሚጠጣው በእርሱ በኩል ነውና።

ያሉትን ማስረጃዎች ስንመዝን፣ *ቡን- ከደቡብ ምዕራቡ የጫካ አገር፣ ከኦሮምኛ በፊት በዚያ ይነገሩ ከነበሩት ቋንቋዎች ተነሥቶ በአንድ በኩል ወደ ባሕር፣ በሌላ በኩል ወደ ጊቤ ኦሮምኛ የሄደ ቃል ነው የሚለው አስተያየት ከሌሎቹ የበለጠ ሚዛን ይደፋል። ዕፁ በዱር የሚበቅለው በዚያ መሆኑ ይህን ያግዛል እንጂ ብቻውን አያረጋግጥም። ነገሩን የተቀበለ ሁሉ ስሙን አይቀበልምና፤ «ቱኬ» እና «ቃዋ» ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1753 ዕፁን «ኮፊያ አራቢካ» ብሎ በዐረብ አገር ስም መሰየሙም፣ ስም ስለ ትውልድ አገር ሲመሰክር ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ያስታውሰናል።

፮. መዝገበ ቃላቱ ምን ይበል?

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኛ ግን አንድ ቁም ነገር እናይበታለን። ለአንድ የፈረንጅ ቃል ከአገራችን ስም ጋር ዝምድና ለመፍጠር ስንደክም፣ በእጃችን ያሉትን የአገር ቤት ምስክሮች ችላ እንላለን። በየማና፣ በየሰቃ፣ በየጌራው ለቃሚው «ቀይ እሸት» የሚለውን ከ«ጀንፈል» ለይቶ ሲናገር፣ ገበሬው የጓሮውን ከጫካው ለይቶ ሲጠራ፣ እናቶች በከፊኛና በኦሮምኛ ቡናን ሲያወሱ፣ ያ ሁሉ የመዝገበ ቃላት ሀብት ነው። የሺናሻና የአንፊሎ ሽማግሌዎችም የጎንጋ ቋንቋዎች ወራሾች በመሆናቸው፣ አጠራራቸው ከማንኛውም የውጭ መጽሐፍ በፊት ሊመዘገብ ይገባዋል። የአንድ ቋንቋ መዝገበ ቃላት ከጎረቤት ቋንቋ የተቀበለውን ቃል ያለ ውለታ መግለጫ ሲያስገባ፣ ጎረቤቱን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ያጎድላል።

ለአማርኛው ቃልም ያልተሟላለት ብዙ ነው። «ቡና» ዛፉን፣ ፍሬውን፣ የተቆላውንና የተወቀጠውን፣ መጠጡን፣ ከዚያም አልፎ ጎረቤት የሚጠራበትን ስብስብ ያመለክታል። በብዙ ቍጥር «ቡናዎች» ሲባል ዓይነቶችን እንጂ ፍሬዎችን አይቈጥርም፤ ሲቈጠር ዛፉ በእግር፣ ፍሬው በፈረሱላ፣ መጠጡ በስኒ ነው። «ሁለት መቶ እግር ቡና አለው» የሚል ሰው ስለ ዛፍ መናገሩን ማንም ይረዳል። ቃሉ በመደበኛው አገባብ ተባዕታይ ቢሆንም፣ በቤት ውስጥ «ቡናዋ ደረሰች» ሲባል በፍቅር አንስታይ ይሆናል። «ቡና ቤት» የሚለው ጥምር ስም ደግሞ ቢራ ወደሚጠጣበት ቤት ዞሮ፣ ቡናው ራሱ «ካፌ» ወደሚባለው ተሰድዷል። እንዲህ ሆኖ ከቱርክና ከኢጣልያ የዞረው ቃል በጅማ ጎዳና ላይ ተመልሶ ሰፍሯል።

ስለሆነም ወደፊት ለሚዘጋጅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት የሚከተለውን አቀራረብ እንጠቁማለን።

ቡና («ና» ይጠብቃል)፤ ስም፤ ተባዕታይ፣ በማቈላመጥ አንስታይ። ፩. በጥላ ሥር የሚበቅል፣ ቀይ እሸት የሚያፈራ ዛፍ፤ በእግር ይቈጠራል። ፪. የዚሁ ዛፍ ፍሬ፣ እሸቱም ጀንፈሉም የተፈለፈለውም። ፫. ፍሬው ተቆልቶና ተወቅጦ የሚፈላ መጠጥ። ፬. መጠጡ የሚቀርብበት የጎረቤት ስብስብ። አመጣጥ፦ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተስፋፋ የንግድ ቃል፤ ግንዱ *ቡን-፤ ወደ አማርኛ የገባው በኦሮምኛ በኩል (ተሳቢ ቡነ፣ ባለቤት ቡንኒ)፤ ከከፊኛው ቡኖ፣ ከትግርኛው፣ ከሐረሪው፣ ከአፋርኛውና ከሶማልኛው ቡን፣ ከዐረብኛው ጠባቂ ቡን ጋር ይነጻጸራል። «ኮፊ» ከሚለው የአውሮፓውያን ቃል ጋር ዝምድና የለውም።

ይህ አጭር መግለጫ ጮጬን ከማንኪራ አያስታርቅም፤ ለማንም ወገን ሙሉውን ክብር አይሰጥም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቋንቋ ለቃሉ ያደረገውን በስፍራው ያኖራል፤ ከፊኛ ተባዕታይ አድርጎ አኑሮታል፤ ኦሮምኛ በገበያ አዙሮታል፤ ዐረብኛ በባሕር አሻግሮታል፤ አማርኛም ከጎረቤት ጋር የሚጠጣ አድርጎታል። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የያዘ ተመራማሪ ቢገኝ፣ በኮከቡ ላይ ያለንን አስተያየት ለማረም ዝግጁ ነን። ኮከብ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው።